በቲያትር የተለቀሰላቸው አያ ታረቀ

ይህ የሆነው ኮሮና የገባ ዓመት፣ ክረምቱ ሲጀምር፣ እዚሁ ወረታ ነው። ከልቤ ያልወጣው ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ስላላየሁ ነው።

ጎረቤቴ እትዬ አበጁ ባለቤታቸውን አያ ታረቀን ከቀበሩ ሳምንት አልሞላቸውም ነበር። የገደላቸው ያ በሽታ አልነበረም። ሆኖም መሰብሰብ ተከልክሎ ስለነበር ድንኳን አልተጣለም፣ ሙሾም አልወረደም። ጥቂት ዘመዶች ቀብረዋቸው ተበተኑ። ለእኛ ለፎገራ ሰው ይህ ከሞቱ ይብሳል። እትዬ አበጁም እህል አልቀምስ ብለው ሰነበቱ።

ያን ቀን ለምኜ ገበያ ይዣቸው ወጣሁ። ከሩዝ ተራ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ የከተማው ወጣቶች ተራርቆ ለቆመው ገበያተኛ ስለ በሽታው የሚያስተምር ቲያትር ያሳያሉ። መጀመሪያ ሁለቱ እስክስታ ወረዱ። ትከሻቸው ሊነካካ ሲል ወደ ኋላ ይፈናጠራሉ፤ ሰው ይስቃል። ቀጥሎ አንዱ ጋቢ ተከናንቦ ተጋደመና ሬሳ ሆነ። ሌሎቹ ተራርቀው ቆመው ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ፤ ሳይነካኩም ማልቀስ እንደሚቻል ለማሳየት ነው።

እትዬ አበጁ ግን የእውነት ለቅሶ መሰላቸው። በእኛ አገር ለቅሶ አይቶ ማለፍ ነውር ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየጮኹ መሀል ገቡ።

«እማማ፣ ቲያትር እኮ ነው» አላቸው ከወጣቶቹ አንዱ። ሰው ሳቀ።

እሳቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። «የናንተ ሬሳ ተነሥቶ ራቱን ይበላል» አሉ። «የኔ የእውነት ሞቷል። ያለቀሰለት የለም።»

ሳቁ ቆመ። ሬሳ የሆነው ወጣት ተነሣና ባዶውን ጋቢ መሬት ላይ ዘረጋው። አልቃሽ ሆና የምትጫወተው ልጅ ማስኳን ሳታወልቅ የሟቹን ስምና ሥራ ጠየቀቻቸው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦

«ዝናቡም ጥሏል፣ በሬው ተጠምዷል፤
አያ ታረቀ ግን ወዴት ውሎ ቀርቷል።»

ሩዝ ሻጩ፣ ሸማቹ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ሁሉም በቆመበት ደረቱን መታ። እስላሙ ባለሱቅ በሩን ገርበብ አድርጎ እጆቹን ለዱዓ ዘረጋ። ማንም ወደ ማንም አልተጠጋም። ያ ሁሉ ሰው ተራርቆ ቆሞ በአንድ ድምፅ ያለቅሳል። እኔ ዕንባ እንኳ አልመጣልኝም፤ ደረቴን ብቻ መታሁ።

የዚያን ዕለት እትዬ አበጁ እህል ቀመሱ።

ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው። ስለ ቲያትር ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከመጽሐፍ ነበር፤ እንዲህ ያለ ኃይል አለው ብዬ ግን አልጠረጠርሁም። ዛሬም ሳስበው እወደዋለሁ ከማለት እፈራዋለሁ ማለት ይቀለኛል።

እትዬ አበጁ ደህና ናቸው። ነገሩ ሲነሣ «የታረቀ ለቅሶ ደማቅ ነበር፤ ወረታ በሙሉ ነው የወጣው» ይላሉ። ወረታ በሙሉ አልነበረም። ሰው ሲያጋንን ማረም ልማዴ ነው፤ ይህን ግን አርሜ አላውቅም።