ከመተሐራ የተመለሰው ጭነት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ የሚያዝያ ሙቀት በበረታበት ሰሞን፣ ከአቃቂ ወደ ድሬዳዋ ቤታችንን ጭነን ስንሄድ ነው። ሰው ሁሉ "ጊዜ ያስረሳል" ይለኛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ የቤት ዕቃ የጫነ አይሱዙ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ዕቃው ሳይሆን ጋቢናው ውስጥ ወደተቀመጡት ሰዎች ነው።

ባለቤቴ ሙሉጌታ መካኒክ ነው። አቃቂ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ወጣ። ወራት ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ በኋላ ድሬዳዋ ሥራ አገኘና ቀድሞን ሄደ። እኔና እናቱ እማማ በለጡ ዕቃውን ይዘን ልንከተለው ቀረን።

እማማ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የደም ግፊት ነበረባቸው፤ መድኃኒታቸውን ግን አይረሱም። ከእኔ ጋር አማትና ምራት ነበርን፤ ከዚያ ያለፈ ፍቅርም ጠብም አልነበረንም። ቤት ውስጥ ስንቀመጥ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ሙሉጌታ ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ ማታ ማታ እየደወለ ወጪያችንን አብረን እናሰላ ነበር። የመኪና ኪራይ፣ ጫኝና አውራጅ፣ የመንገድ ምግብ፣ ድሬዳዋ ስንገባ ለቤት ኪራይ በቅድሚያ የሚከፈለው። መጀመሪያ ያሰብነው ዕቃው በመኪና፣ እኔና እማማ ደግሞ በአውቶቡስ እንድንሄድ ነበር። ከዚያ ነዳጅ ጨመረ። ደላላው የተስማማንበትን ዋጋ አፈረሰ። ፍሪጁንና ሶፋውን ሸጠን እንኳ አልሞላልን አለ።

"ዕቃውን ብቻውን መላክ አይሆንም" አለኝ ሙሉጌታ። "አንቺ ጋቢና ግቢ። እማዬን ግን ብቻዋን እንዴት አውቶቡስ ላይ እንጫናት?"

እማማ ከጎኔ ሆነው ይሰሙ ነበር። ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። "ለእኔ ብላችሁ ሌላ ወጪ አታውጡ። ጋቢናው ለሦስት ይበቃል አይደል? እኔም ከዕቃዬ ጋር እሄዳለሁ" አሉት። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ።

ሾፌሩ ሰይድ ይባላል። ወሎ ተወልዶ ቱሉ ዲምቱ የሚኖር፣ አርባዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ጠዋት ዕቃው ሲጫን ከእሱ ጋር ተጨቃጨቅን። እማማ ከጓሮ ያስቀመጡትን አሮጌ ቆርቆሮ ሁሉ "ይጫን" ብለው ስላዘዙ ነው።

"እህቴ፣ የተነጋገርነው የቤት ዕቃ ነው። ይሄ እኮ የግንባታ ዕቃ ነው" አለኝ።

"ልጄ፣ ድሬ ቤት ስንሠራ ቆርቆሮ ከየት ልናመጣ ነው?" አሉት እማማ።

ሰይድ አያቸውና ሳቁ መጣ። "እንግዲህ እማማ ካሉ ምን ይባላል" ብሎ ራሱ ተሸክሞ ጫነው።

እማማን በመስኮቱ በኩል አስቀምጬ እኔ መሐል ገባሁ። እስከ ደብረ ዘይት ድረስ ሲያወሩ ነበር። ሰይድን ስለ ልጆቹ ጠየቁት፤ ስለ ባለቤታቸው ነገሩት። ናዝሬት ቁርስ ለመብላት ስንወርድ ግን ሻይ ብቻ ጠጡ። "መንገድ ላይ ሆዴ አይመቸኝም" አሉ። ፊታቸው ላብ ላብ ብሎት ነበር። እኔም ሙቀቱ ነው አልኩ። ሁላችንንም አልቦናል።

ወለንጪቲን ስናልፍ "መስኮቱን ዝጊው፣ አቧራው ገደለኝ" አሉኝ። ዘጋሁላቸው። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ገርሞኝ ነበር። እንዲህ ተጠግተውኝ አያውቁም። እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ሳልንቀሳቀስ፣ በልቤ ስለ ድሬዳዋ ቤት ኪራይ እያሰብኩ ብዙ መንገድ ሄድን።

ቀድሞ ያወቀው ሰይድ ነው። ደጋግሞ ወደ እሳቸው ሲያይ ቆየና መኪናውን ቀስ አድርጎ ዳር አቆመው።

"እህቴ፣ እስቲ እማማን ቀስቅሻቸው።"

"ይተኙ እንጂ፣ ምን አደረጉህ?" አልኩት።

ወርዶ ዞረና በሩን ከፈተ። አንገታቸውን ነካ፤ እጃቸውን ያዘ። ከዚያ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለ። አረብኛ አላውቅም። ይህ ሲባል ግን ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሲሆን ሰምቼዋለሁ። የገባኝ በዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የተበጣጠሰ ሆኖ ነው የሚታወሰኝ። ሰይድ ሳይጮህ፣ ሳይደናገጥ መተሐራ ጤና ጣቢያ አደረሰን። እዚያ ያለው ሐኪም ወጣት ነው። አይቷቸው ወጣና "ካረፉ ቆይተዋል" አለኝ። ፖሊስ መጥቶ መታወቂያችንን አየ፣ ጠየቀን፣ ጻፈ። አስከሬኑን ይዘን እንድናልፍ ወረቀት ሰጡን። ፖሊሱ "ወዴት ነው የምትወስዷቸው?" ሲለኝ ወደ ሰይድ ዞርኩ።

ሰይድ ወደ ጥላው ወሰደኝ። "ድሬ ማን አላችሁ?" አለኝ።

"ባለቤቴ ብቻ።"

"አቃቂስ?"

"ሁሉም እዚያ ነው። ባላቸውም የተቀበሩት እዚያ ነው። እድራቸውም አለ፤ 'ድሬን እስክለምድ አልተወውም' ብለው ነበር።"

"እንግዲያው እንመለሳለን። ሰው የሚቀበረው ወገኑ ጋ ነው" አለ። ድሬዳዋ ላይ የሚጠብቀው የመልስ ጭነት እንደነበረው አውቃለሁ። ስለ እሱ አንድ ቃል አላነሳም።

ለሙሉጌታ መደወል ነበረብኝ። "በስልክ መርዶ አይነገርም፤ አሟቸዋል በይው" አለኝ ሰይድ። ደወልኩ። እማማን ስላመማቸው ወደ አቃቂ እየተመለስን ነው፣ አንተም ዛሬውኑ ተነሣ አልኩት።

"እንዴት ትመለሳላችሁ? ያ ሁሉ ብር ወጥቶበት? ድሬም እኮ ሆስፒታል አለ" አለኝ። ስለ ብሩ አልተከራከርኩትም። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

"ስልኩን ስጫት።"

"ተኝተዋል" አልኩት።

"ገነት፣ ስልኩን ስጫት ነው የምልሽ።"

"ተኝተዋል፣ ሙሌ። ዝም ብለህ ና።"

ስልኩ ሳይዘጋ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። አውቋል። ማወቁን አውቄያለሁ። ግን አንዳችንም አልተናገርነውም።

ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ መውሰድ አይቻልም። ከኋላ ደግሞ ቦታ የለም፤ ዕቃው እስከ አፉ ድረስ ነው። ሰይድ ሁለት ጫኝና አውራጆች ጠራ። ቁም ሣጥኑንና ያንን ሁሉ ቆርቆሮ አውርደው አንዲት ሱቅ በረንዳ ላይ እንዲያስቀምጡ ተነጋገረ። አንደኛው አስከሬን መኖሩን ሲያይ የሥራውን ዋጋ እጥፍ አደረገው። ጓደኛው ግን ቆጣ ብሎ "አንተ፣ እናት የለህም?" አለውና ብቻውን ማውረድ ጀመረ። ያኛው አፍሮ መጥቶ ሲያግዘው አየሁ። ገንዘብ ስሰጣቸው አንደኛው ተቀበለ፣ ሌላኛው እጁን ወደኋላ አደረገ። የትኛው የትኛው እንደነበረ ዛሬ ቢጠይቁኝ አላስታውስም።

ፍራሹን ዘርግተን አስተኛናቸው። በራሳቸው ነጠላ ሸፈንኳቸው። ሰይድ ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን ብርድ ልብስ አምጥቶ ከላይ ደረበላቸው። እኔም ከኋላ ወጣሁ።

"እህቴ፣ ሙቀቱን አትችዪውም፤ ጋቢና ግቢ" አለኝ።

አልገባም አልኩ። ከድስትና ከባልዲ ጋር ብቻቸውን ልጭናቸው አልቻልኩም።

ሸራው ሥር ያለው ሙቀት የሚነገር አይደለም። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ዕቃው ሁሉ ይንኳኳል፤ እኔ እግራቸው እንዳይንሸራተት በሁለት እጄ እይዛለሁ። ለብዙ ዓመት አንድ ቤት ኖረን እግራቸውን ነክቼ አላውቅም። ለብርድ ጊዜ የሚለብሱትን የሱፍ ካልሲ በዚያ ሙቀት ለብሰውት ነበር። ብርድ ይሰማቸው ኖሯል ማለት ነው። ጠዋት ሲነሡ አሟቸው ይሆን? መኪናው ተከፍሎበታል ብለው ደብቀውኝ ይሆን? ያን ሁሉ መንገድ ሳስብ የሄድኩት ይህንን ነው።

አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ "ምን ጭናችኋል?" ብሎ ሸራውን ገለጠው። እኔን አየ፤ ከዚያ ወደ ታች አየ። ሰይድ ወረቀቱን ሲዘረጋለት እንኳ አላነበበውም። ሸራውን ቀስ ብሎ መለሰና ከፊታችን የቆሙትን መኪኖች ገለል አድርጎ አሳለፈን።

አቃቂ ስንቃረብ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ያዘኝ። ቤት የለንም! ቁልፉን ጠዋት ለአከራያችን ለእትዬ አልማዝ አስረክቤያለሁ። አዲስ ተከራይ ከሰዓት በኋላ ትገባለች ብለውኛል። ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ይተከላል እንበል፤ አስከሬኑ የት ያድራል? ሙሉጌታ መጥቶ በማን ቤት ቁጭ ብሎ ያለቅሳል?

ስንደርስ ገና አልመሸም። እንኖርባት የነበረችው ቤት በር ላይ የሰው መጋረጃ ተሰቅሏል። እትዬ አልማዝ አስከሬኑን ሲያዩ ጮኹ፤ ጎረቤት ወጣ። በዚያ ጩኸት መሐል አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን አዝላ ከቤታችን ብቅ አለች። ስሟ ትዕግስት እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ፣ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ልጅ ናት። ዕቃዋን ገና አልፈታችም።

እትዬ አልማዝን በጆሯቸው ጠየቀቻቸው። ነገሯት። ሕፃኑን ለጎረቤት ሰጠችና ተመልሳ ገባች። ፍራሿን ጎትታ ስታወጣ አየኋት። ከዚያ ባልዲዋን፣ ቡታጋዟን፣ ሁለት ፌስታል ልብሷን። ሁሉንም ግቢው ጥግ ደርድራ በሸራ ሸፈነችው። መጋረጃዋን አወረደች፤ ቤቱንም ጠረገችው።

"ግቡ። ቤታቸው ነው" አለች።

ሰይድና የሰፈሩ ወንዶች እማማን ተሸክመው አስገቧቸው። እድሩ ድንኳኑን ተከለ። ሙሉጌታ በማግስቱ ጠዋት ደረሰ። በር ላይ ሰው ሲያቅፈው አየሁት፤ የዚያን ጊዜ የጮኸውን ጩኸት አልጽፈውም።

ሰይድ ከቀብር በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሙሉጌታ ቀሪውን ኪራይ ሊሰጠው ሲል "የነዳጁን ብቻ" አለ። ብዙ ለመነው፤ አልሰማውም። ቁም ሣጥኑን ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ጭነት ላይ ደርቦ ድሬዳዋ ድረስ አመጣልን። ቆርቆሮውን ግን ከበረንዳው ላይ ሰው ወስዶታል።

ትዕግስት እስከ ሠልስት ድረስ ከልጇ ጋር እትዬ አልማዝ ማዕድ ቤት አደረች። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ከእኛ ጋር ዕቃ ታጥባለች። ቤቱን ስናስረክባት የቀኖቹን ኪራይ ልክፈልሽ ብላት ተቆጣችኝ።

"እኔም ተከራይ ነኝ እኮ። ነገ እኔም ዕቃዬን ጭኜ መውጣቴ አይቀርም" አለችኝ።

ጎረቤት ተጠግተን ቆይተን ድሬዳዋ የገባነው ከአርባቸው በኋላ ነው። የሙሉጌታ ሥራ በሌላ ሰው ተይዞ ስለነበር ብዙ ጊዜ በቀን ሥራ ገፋን። ያ ሁሉ ስሌት ከንቱ ሆነ። የሚቆጨኝ ግን እሱ አይደለም። በአውቶቡስ ብንሄድ ኖሮስ የሚለው ነው። የመተሐራው ሐኪም "ቤታቸው ቢሆኑም ሊደርስ የሚችል ነው" ብሎኛል። አምነዋለሁ፤ ግን አይዋጥልኝም። ሙሉጌታ ደግሞ "ቢያንስ አንቺ አጠገቧ ነበርሽ" እያለ ሊያጽናናኝ ይሞክራል። አጠገባቸው ነበርኩ፤ ግን አላወቅሁም። ይህን ለእሱ እንዴት አድርጌ ላስረዳው?

ባለፈው ሳምንት ትዕግስት ደወለችልኝ። ኪራይ ተጨምሮባት ልትለቅ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ዘመድ ያለበት አገር ልትሄድ አስባለች፤ የመኪናው ዋጋ አስደንግጧታል። ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ፍርሃት በደንብ አውቀዋለሁ።

"የምትጭኚበትን ቀን ብቻ ንገሪኝ፤ እመጣለሁ" አልኳት።

"ከድሬ ድረስ?"

"አዎ፣ ከድሬ ድረስ። ብቻሽን አትጭኚም።"