የምናረጅበትን ቤት ልናይ ሄደን

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ሰው ሲሰማው መጨረሻው ላይ ይስቃል። እኔም ሳወራው አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ሆኜ ሳስታውሰው ግን አልስቅም፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። ደብረ ማርቆስ በኪራይ ቤት ልጆቻችንን አሳድገን፣ እኔ ጡረታ ስወጣ “ከእንግዲህ የት እንኑር?” የሚለው ጥያቄ ቤታችን ገባና ሰላም ነሳን። ትልቋ ልጃችን አዲስ አበባ ነው ያለችው፤ “እኔ ጋ ኑ” ትላለች። ቤቷ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የእኔ ጉልበት ደግሞ ፍሬንና ፍሪሲዮን ሲረግጥ ኖሮ አልቋል። “ልጄ፣ እዚያ አንዴ ከወጣሁ የምወርደው በሰው ሸክም ነው” አልኳት።

እኔ የምመኘው ሌላ ነበር። ከይጁቤ ወዲያ፣ ከወንዙ ማዶ፣ የአባቴ መሬት አለ። የአጎቴ ልጅ አንለይ እያረሰ ይጠብቀዋል። ከእሱ ቤት አጠገብ አንዲት አሮጌ ቤት አለችኝ፤ እሷን አፍርሼ ደህና የቆርቆሮ ቤት ሠርቼ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እየሞቅኩ ማርጀት ነበር ሐሳቤ። ባለቤቴ የሺ ግን ማርቆስ ተወልዳ ማርቆስ ያደገች ናት። ቤተ ክርስቲያኗም፣ ገበያዋም፣ ሆስፒታሉም በእግሯ የምትደርስባቸው ናቸው።

“አንተ ሂድ። እኔ ሞቼም ገጠር አልገባ” ትለኛለች።

“ሞተሽማ ምን ትሠሪልኛለሽ!” እላታለሁ። እንዲህ ስንነታረክ ከረምን።

በመጨረሻ እስቲ ጥቂት ቀን ሄደን እንቀመጥና እንየው አልኳት። እሺ አለች። “ግን ጥቅምት ይድረስ፤ ጭቃው ይድረቅ” አለች። እኔ መች እሰማለሁ! ሾፌር አይደለሁ? መኪና የሚፈተነው ዳገት ላይ ነው። “ክረምቱን ከቻልሽው በጋውማ ምን አለው!” ብዬ በነሐሴ ይዣት ሄድኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መልካም ነበሩ። አንለይና ሚስቱ የሚያደርጉልንን አጡ። የሺ ግን በር ላይ ቆማ ጉሙን ታያለች።

“እዚህ ሰው ሲታመም በምን ይወጣል?” አለችኝ አንድ ጠዋት።

“እንዴ! መንገድ ገብቷል እኮ።”

መንገዱ መግባቱ እውነት ነው። ክረምት ሲመጣ በጥቁሩ አፈር ላይ መኪና ጎማው ተውጦ እንደሚቀር ግን አልነገርኳትም።

“ደግሞስ ማንን አውቃለሁ?” አለች። “አንድ ነገር ብሆን ደንግጦ የሚጮህልኝ ማን አለ?”

እኔስ ማንን አውቃለሁ? የወጣሁት በጎረምሳነቴ ነው። እኩዮቼ ገሚሱ ሞተዋል፣ ገሚሱ አገር ለቀዋል።

በማግስቱ “ሆዴን” አለች። የጾም ሆድ ነው፣ የሽምብራው ቆሎ ነው ተባባልን። እሷም እንዲያ አለች፣ እኔም አመንኩ። አድሮ ግን ባሰባት። ጠዋት ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል። ቀኝ ጎኗን ይዛ ተጠቅልላለች፣ ልዘርጋሽ ስላት ትጮኻለች። ግንባሯን ብነካው እሳት ነው።

ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ነው። እየተንሸራተትኩ ወጥቼ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ። እሱም ሾፌር ነው። “መጣሁ፤ ግን በዚህ ጭቃ ወንዙን አልሻገርም፤ ድልድዩ ጋ እጠብቅሃለሁ” አለኝ። ድልድዩ ደግሞ ሩቅ ነው። በአቋራጭ የሚያሻግረው መልካ ሞልቷል፤ የውኃው ጩኸት እኔ ካለሁበት ድረስ ይሰማል።

ጉብታው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ማን ብዬ ልጣራ? አንድም ሰው በስሙ መጥራት አልችልም። የእድራቸው አባል አይደለሁ። ለእኔ ብሎ ማን በዚህ ዝናብ ይወጣል? ሚስቴ በአባቴ መሬት ላይ፣ ሰው ባለበት አገር፣ ሰው አጥታ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው።

አንለይ ምንም አልጠየቀኝም። ከኋላዬ መጣና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ማዶ ተጣራ። “የሰው ያለህ! ቃሬዛ!” አለ። ደግሞ ወዲህ ዞሮ ተጣራ። ትንሽ ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ብቅ አለ። ከዚያ ሌላ። ላስቲክ የለበሰ፣ ጋቢውን ያጣፋ፣ ማረሻውን ትቶ የመጣ። ስሜን የጠየቀኝ የለም። “የት ናት?” ብቻ ነው ያሉት። ሁለት አጠና በጠፍር ጠላልፈው፣ ብርድ ልብስ አንጥፈው፣ የሺን አጋድመው ተሸከሟት።

በእኛ አገር ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ዝም ብሎ አያልፍም። ጉዳዩን ትቶ ትከሻውን ያስገባል። አህያ የሚነዳው አህያውን ዛፍ ላይ አስሮ ገባ። እርሻ ላይ የነበረው በሬዎቹን ለሚስቱ ሰጥቶ ገባ። እኔም ገባሁ። የሺ መጀመሪያ ትቃትት ነበር፤ እየቆየች ድምጿ እየቀነሰ መጣ። ቀትሩ አልፎ ዝናቡ እንደገና ወረደ፣ ያውም በረዶ የቀላቀለ። ፊቷን ሲደበድባት አላስችል አለኝ። ጋቢዬን አወለቅኩና ከራሷ እስከ እግሯ ሸፈንኳት፣ በላዩም ላስቲክ ጣልኩበት። ፊቷን የሸፈንኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ዳገቱ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ወደቅኩ። ተነሥቼ ዳግመኛ ልገባ ስል አንለይ ከለከለኝ።

“አያ ሙላት፣ እርስዎ ቀስ ብለው ይምጡ። ይዘገዩብናል።”

“ተወኝ፣ ሚስቴ ናት!”

“ሚስትዎ ስለሆነች ነው እኮ የምንቸኩል” አለኝ። እውነቱን ነው። ጥለውኝ ሄዱ፤ ኩርባውን ዞረው ተሰወሩ።

ብቻዬን ከጭቃው ጋር ስታገል ዝናቡ አባራ። አገሩ ጭር አለ። የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከዚያ ከኩርባው ወዲያ ለቅሶ ሰማሁ።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ናት የጮኸችው። ወዲያው ሌሎች ተቀበሏት። “ወዮ! ወዮ! ወዮ!” እያሉ፣ ደረት ሲመታ ሁሉ ይሰማኛል። አይ፣ ሌላ ሰው ይሆናል አልኩ። ሌላ ቀብር ነው፣ የሌላ ሰው ነው እያልኩ፣ ስወድቅ ስነሣ ኩርባውን ዞርኩ።

ከቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች ናቸው። ቃሬዛው ዋርካ ሥር ወርዷል፣ እነሱ ከበውታል። ነጠላቸውን ሁሉም አዘቅዝቀዋል። ጥለቱ ወደ ላይ፣ ፊታቸው ጋ ነው። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለምን እንደሆነ ለአገሬ ሰው አልነግርም። ተሸካሚዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። አንለይ ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዟል።

እኔ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። “ሞቼም ገጠር አልገባ” ነበር ያለችኝ። ሞታም ገባች፤ እኔ አስገባኋት። ለልጆቿ ምን ብዬ ነው የምደውለው? “እናታችሁን በክረምት ልፈትናት ወስጄ ነው” ልበል? አፈር እየጨበጥኩ መልቀቅ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

በዚህ መሀል ከጋቢው ሥር ድምፅ ወጣ።

“ማነው የሞተው?”

ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዷ “ኧረ በስመ አብ!” ብላ ወደ ኋላዋ ሸሸች። አንለይ ቆቡ ከእጁ ወደቀ።

“ምነው መልስ የለም? ማነው የሞተው?” አለች የሺ እንደገና። እጇ በጋቢው ጠርዝ ወጣችና ላስቲኩን ገፋች።

ለቅሶውን የጀመሩት ሸምገል ያሉ ሴት፣ እማማ ዘውዴ የሚባሉ፣ ጎንበስ ብለው ፊቷን ገለጡት። “ውይ እኔን! እኔን ያስቀድመኝ! አለሽ እንዴ?” አሉ። “አንቺን እኮ ነው ያለቀስን!”

“እኔን? የት ያውቁኛል?”

“ልጄ፣ ለዚህ መተዋወቅ ይጠየቃል እንዴ? ተሸፍነሽ አየንሽ፣ አለቀስን።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴቶቹ በቃሬዛ ላይ የተሸፈነ ፊት አዩ። እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ማነው፣ ምን ሆኖ ነው ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ መጀመሪያ ይለቀሳል። ተሸካሚዎቹ ትከሻ ሊቀያየሩ ነበር ያወረዷት፤ ደክሟቸው ትንፋሽ አጥሯቸው ዝም ብለዋል። ለቅሶው ሲነሣ፣ እሷም ድምፅ ካሰማች ስለቆየች፣ እነሱም በትከሻችን ላይ ሞተችብን ብለው ደነገጡ። የሺ ግን ሕመሙ አድክሟት አሸልቧት ኖሯል።

ሰዎቹ ሳቁ። እማማ ዘውዴም እያለቀሱ ሳቁ። እኔ ነኝ ያልሳቅኩት። እየዳኽኩ ሄጄ እጇን ያዝኩና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። “አንተ ደግሞ ምን ሆንክ? ተነሥ፣ ልብስህን አየኸው?” አለችኝ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን መልሰው አጣፉና ወደየቤታቸው በመሄድ ፈንታ እኛን ተከተሉ። እማማ ዘውዴ ጃንጥላቸውን ፊቷ ላይ ዘርግተው እስከ ድልድዩ ድረስ አጠገቧ ሄዱ። ባልደረባዬ መኪናውን አስነሥቶ ይጠብቀን ነበር። ማርቆስ ገብተን ያንኑ ምሽት ትርፍ አንጀቷን ቀደው አወጡላት። ሐኪሙ “ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ” ብሎ የቀረውን ሳይጨርሰው ተወው።

በሦስተኛው ቀን ሾርባ ስትጠጣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሐሳቤን ቆርጬ ነበር። “የሺ፣ አንቺ ልክ ነሽ። ማርቆስ እንቀራለን። ከፈለግሽም አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ” አልኳት።

“ቤቱ መቼ ይጀመራል?” አለችኝ።

ማደንዘዣው ያልለቀቃት መሰለኝ። “የቱ ቤት?”

“የአባትህ መሬት ላይ ነዋ።”

“ሴትዮ፣ ልትሞቺ እኮ ነበር!”

“የትም እሞታለሁ። እዚህ ከጎረቤቴ ጋር ከእሑድ እሑድ በአጥር ነው የምንተያየው። እነዚያ ሳያውቁኝ ተሸከሙኝ፣ ሳያውቁኝ ነጠላቸውን አዘቀዘቁልኝ። እኔ ለቅሶዬን ሰምቻለሁ፣ ሙላት። ደህና ለቅሶ ነው።”

ምን ይባላል? ያው አንድ ለቅሶ ነው የሰማነው። እሷ ከጋቢው ሥር ሆና ስትሰማው ሰው አገኘሁ አለች። እኔ ከኩርባው ወዲህ ሆኜ ስሰማው እሷን አጣሁ። ያንን መንገድ ዳግመኛ ላለማየት ቁርጥ ሐሳብ ነበረኝ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ በልጆቿ አስለመንኳት። አልሆነም። ፊት እሷ እምቢ ስትል እኔ እጎትት ነበር፤ አሁን እሷ ትጎትታለች፣ እኔ እፈራለሁ።

ጥቅምት ላይ ቤቱን ጀመርን፤ ከፋሲካ በኋላ ገባን። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር እድር መግባት ነው። ቃሬዛ ሲጠራ እወጣለሁ፤ ይህ ጉልበቴ ግን ሸክም አይችልም። ስለዚህ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ገዛሁ። ከበሽተኛው ራስጌ እየሄድኩ ፊቱ ላይ እዘረጋለሁ። “ፊቱን አትሸፍኑ፤ ዝናቡን ለእኔ ተዉት” እላቸዋለሁ። ጎረምሶቹ “አያ ጃንጥላ መጡ” እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። እነሱ ያንን ለቅሶ እኔ እንደሰማሁት አልሰሙትም።

ፍርሃቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። ይኸው ዘንድሮም ክረምት ገባ፣ ወንዙም ሞላ። ሰማዩ ሲጠቁር እህል አይወርድልኝም። የሺ “ሆዴን” ባለች ቁጥር ጫማዬን ነው የምፈልገው።

ባለፈው ሳምንት ከማዶ ለቅሶ ተሰማ። እኔ ደንግጬ ከመደቡ ስነሣ የሺ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን ስታዘቀዝቅ አየኋት። ያ ቀን መጣብኝ።

“ማን እንደሞተ ሳታውቂ?” አልኳት።

“ይጠየቃል እንዴ?” አለችና ወጣች።

ጃንጥላዬን ይዤ ተከተልኳት።