ሰባት ጊዜ የታጠበው ሽርጥ

የባለቤቴ የደምሴ መርዶ የመጣው ከቁርስ ጋር ነው። ሀርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ሲንኳኳ ገና ማለዳ ነበር፤ ብከፍተው ጎረቤቴ ጽጌ ከሁለት ሴቶች ጋር ቆማለች፣ በእጇ በፎጣ የተሸፈነ ሳህን ይዛለች። ደምሴ ለግንባታ ሥራ ወደ ወደቡ ከተማ ወደ በርበራ ከወረደ ሰንብቷል።

«ምነው በጠዋቱ?» አልኳት።

«ምንም፤ ላሖህ ጋግሬ ነው። በትኩሱ ብዪ ብዬ ነው።»

ላሖህ የዚህ አገር ሰው ቁርስ ነው፤ ከእንጀራ አነስ ትላለች፣ ቅቤና ስኳር ይደረግባታል። ሳህኑን ተቀበልኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ቆርሼ በላሁ። ሦስቱም አፌን አፌን ያያሉ። የጎረስኩትን ከዋጥኩ በኋላ «በሉ ንገሩኝ፤ ማን አነሳው?» አልኩ። ጽጌ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። «ማን ነገረሽ?» አለች። ማንም አልነገረኝም። እንዲህ ያለ ቁርስ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ በልቼ ስለማውቅ ነው።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው እዚሁ ሀርጌሳ፣ ዳሚ የሚባል ሰፈር ነበር። አባቴን አላውቀውም፤ እናቴ አየር ማረፊያው አካባቢ በሰው ቤት ልብስ እያጠበች ብቻዋን አሳደገችኝ። ከእኛ ጋር ሻሽ የሚባል ውሻ ነበር። መላ አካሉ የአሸዋ መልክ ሆኖ ራሱ ላይ ብቻ ነጭ ስለነበረ፣ ሻሽ ያሰረች ወላድ ይመስላል ብላ ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት። ጠዋት ጠዋት እናቴን እስከ አየር ማረፊያው መንገድ ይሸኛታል፣ ሚኒባስ ላይ ስትወጣ ያያታል፣ ከዚያ ተመልሶ እኔን ከትምህርት ቤት በር ይጠብቀኛል። ሰፈሩ ውስጥ ውሻ ያለን እኛ ብቻ ስለነበርን ልጆቹ ሲያዩት ይሸሻሉ፤ እኔም በዚህ እንደ መኩራት ያደርገኝ ነበር።

ከጎናችን አዴር ጃማ ይኖሩ ነበር። አዴር ማለት በሶማሊኛ የአባት ወንድም ማለት ነው፤ አባት ለሌላት ልጅ ደግ ቃል ነው። ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ያረጁ፣ አማርኛቸው ከእናቴ የፈጠነ፣ «አቦ» ሳይሉ አንድ ዓረፍተ ነገር የማይጨርሱ ሰው ነበሩ። ያኔ መብራት የሚባል ነገር አልነበረንም፤ የመግሪብ ሶላታቸውን ጨርሰው የከሰል ማንደጃቸውን ደጅ ሲያወጡ እኔና ሻሽ ቀድመን ደርሰን እንቀመጣለን፣ ፋኖሱ ጥላሸት እየተፋ፣ ፍሙ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቀላ ብሎ መልሶ አመድ እየለበሰ፣ ዝንጅብልና ሄል የተጨመረበት ሻይ እስኪፈላ እሳቸው ተረት ይጀምራሉ።

አንዱ እስከ ዛሬ በድምፃቸው ይሰማኛል። «ቤት መጀመሪያ ሲሠራ እንስሳት ሁሉ ቦታ ሊመሩ መጡ። ድመት ምድጃውን ይዛ ቁጭ። ፍየል ጓሮውን። ግመል አንገቱን ቢያስገባ ጣራው አልበቃው አለ፤ ተሳድቦ ወጣ። ውሻ ዘገየ።»

«ለምን ዘገየ?»

«አቦ ልነግርሽ አይደል! መንገድ የጠፋበት እንግዳ አግኝቶ ሲሸኝ ነዋ። ሲመጣ የቀረው ደጃፉ ብቻ ነው። ባለቤቱ አፈረ። ውሻ ግን ግድ የለም፣ የሚገባውንም የሚወጣውንም ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ አለና ተጋደመ።»

«ሲሞትስ? ደጃፉን ማን ይጠብቃል? እሱስ የት ይሄዳል?»

«ይሄን ተረት የነገረኝ ሰውዬ እዚያ ሳይደርስ እንቅልፍ ወሰደው» አሉና ሻያቸውን ቀዱ።

ከተረቱ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ የአዴርና የሻሽ ነገር ነበር። አዴር በበትራቸው አፈሩ ላይ መስመር ያሰምራሉ፤ ሻሽ መጥቶ አገጩን ልክ መስመሩ ላይ አሳርፎ ይተኛል፣ አንዲት ጣት እንኳ አያልፍም። አጥንት ሲተርፋቸው ቆርቆሮ ሳህን ላይ አድርገው በበትር ገፋ ያደርጉለታል። በዓይናቸው ሲያወሩ ያመሻሉ፣ ግን አይነካኩም። አንድ ቀን አላስቻለኝም።

«አዴር፣ ሻሽን ይጠሉታል?»

«ማን አለሽ?»

«ታዲያ ለምን አይነኩትም?»

የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካው ሰባት ጊዜ ማጠብ እንዳለባቸው፣ ከሰባቱ አንዱም በአፈር መሆን እንዳለበት፣ ያለዚያ በዚያ ልብስ መስገድ እንደማይችሉ ነገሩኝ። ውኃ በአህያ ጋሪ በሚገዛበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። «ከሩቅ የሚወደድም አለ፣ አቦ» አሉ። «ጨረቃን ነክተሻት ታውቂያለሽ?»

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ሻሽ በሩ ላይ የለም። ቤት ስደርስም የለም። እናቴ ያን ዕለት ከሥራ ቀድማኝ ገብታ ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት እየላጠች «ከፍየል ነጋዴዎች ጋር ሄዷል። ገጠር ሥጋ ይጠግባል፣ ለሱም ይሻለዋል» አለችኝ።

እንዴት ይሆናል? ሻሽ «ና» ሲሉት ይበራል እንጂ በሶማሊኛ «ካሌ» ቢሉት ጆሮውንም አያቆም። «ነጋዴዎቹ ምን ብለው ጠሩት?» አልኳት። «ተይኝ እስቲ!» አለች። ሽንኩርቱን ልጣ ጨርሳም ዓይኗን ትጠርግ ነበር። ያን ምሽት ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። እራት አልበላሁም። አዴርም ማንደጃቸውን አላወጡም።

በማግሥቱ ጠዋት ከእንቅልፌ የነቃሁት በውኃ ድምፅ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ አዴር ጃማ ሽርጣቸውን ያጥባሉ። ያን ሰማያዊ ባለ መስመሩን። አጠቡ፣ ጨመቁ፣ ውኃውን ደፉ፣ ከጀሪካኑ ሌላ ቀዱ፣ እንደገና ነከሩት። ሽርጡ ከጸዳ ቆይቷል፤ የሚደፉት ውኃ ከሚቀዱት አይለይም። ከዚያ ከቆርቆሮ ውስጥ አፈር ዘግነው፣ ንጹሑ ሽርጥ ላይ ነሰነሱና ማሸት ጀመሩ።

ወጥቼ አጠገባቸው ቆምኩ።

«አዴር፣ ሻሽ ነካዎት እንዴ?»

እጃቸው ውኃው ውስጥ ቀረ።

«እሱ እኮ መስመሩን አያልፍም» አልኩ።

«አያልፍም። ጨዋ ነው።»

«ታዲያ?»

«እኔ ነኝ ያለፍኩት» አሉ።

ተነሥተው እጃቸውን እያራገፉ እናቴን በአጥሩ ላይ ጠሯት። እናቴ ሮጣ መጣች። «አዴር፣ ልጅ ናት እኮ፤ ትረሳዋለች» ስትል ሰማሁ።

«አቦ፣ ልጅ አይረሳም! እናንተ ሐበሾች ለሰው መርዶ ስትነግሩ ሽማግሌ ትሰበስባላችሁ፣ ለሷ ሲሆን ፍየል ነጋዴ ታመጣላችሁ? በወጉ ይነገራት።»

«ለውሻ?»

«ለልጅቷ ነው እንጂ ለውሻውማ ምን ይነገራል!»

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አዴር እኔን በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ፣ ፊቴን እንድታጠብ አደረጉ፣ ከዚያ ከቤታቸው ላሖህ በሳህን ይዘው መጡ፤ ስኳሩን ያለ ልክ ነበር የነሰነሱት።

«መጀመሪያ ብዪ።»

«ሻሽ ሲመጣ እበላለሁ።»

«ካልበላሽ አልነግርሽም።»

«ካልነገሩኝ አልበላም!»

አዴር ግራ ገብቷቸው እናቴን አዩ። ድሬዳዋ ያዩት መርዶ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ክርክር አልነበረበትም መሰለኝ። እናቴ እንባዋ እየወረደ ሳቅ አመለጣት፣ እሳቸውም ሳቁ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም። በመጨረሻ «ባዶ ሆድ ኀዘን አይችልም፤ ይኼን አውቄ ነው የምልሽ» አሉኝ። ያን ጊዜ በላሁ። ስኳሩ ጥርሴ መሐል ሲንኮሻኮሽ ይታወቀኛል።

ከዚያ ነገሩኝ። ሻሽ እናቴን ሸኝቶ ሲመለስ አየር ማረፊያው መንገድ ላይ መኪና ገጭቶታል። እናቴ ከሚኒባሱ ወርዳ ብትመለስም በሕይወት አልደረሰችበትም፤ ወደ አዴር ሮጠች። ሰው እየዞረ ያልፋል፣ የሚነካው የለም። «በገመድ ልጎትተው ነበር» አሉ አዴር፣ አፈሩን በበትራቸው እየጫሩ። «ገመዱንም ይዤ ሄጄ ነበር። ዓይኑን ሳየው እምቢ አለኝ። አቀፍኩት።» በሽርጣቸው አቅፈው ወስደው ደረቁ ወንዝ ዳር ቀብረውታል።

ለምን ያን እንደጠየቅሁ አላውቅም፤ መጀመሪያ ያልኩት «ከባድ ነበር?» ነው።

አዴር አሰብ አደረጉ። «አይ» አሉ፤ «ቀላል ነበር።»

ከዚያ ነው ያለቀስኩት።

ቀጥለው በነበሩት ምሽቶች ያችኑ የደጃፉን ተረት ደጋግመው ነገሩኝ፤ እኔም እየደጋገምኩ ሻሽ የት እንደ ሄደ ጠየቅኋቸው። እናቴ «ቄሱን እጠይቅልሻለሁ» አለች፣ ግን አፍራ ሳትጠይቅ ቀረች። አዴር «አላህ ያውቃል» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ መስመር ማስመራቸውን አልተዉም፤ ማንም የማይተኛበትን መስመር።

አዴር ጃማ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ሻሽ የት እንደ ሄደ አሁንም አላውቅም፣ ደምሴንም በተመለከተ ካህናቱ ከሚነግሩኝ ያለፈ የማውቀው የለም፤ ያን ጥያቄ መጠየቅ አልተውኩም፣ መልስ ግን አልጠብቅም። መልስ ያለው ጥያቄ ሌላው ነው፤ ለዚህ ነው ጽጌን «ማን አነሳው?» ያልኳት። አብረውት የሚሠሩ ግንበኞች እንደሆኑ ነገረችኝ፤ በሥራ ላይ እያለ በድንገት ልቡ ቆሞ ነው። ከበርበራ ሀርጌሳ ድረስ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ የደምሴን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው መጥተዋል።

ከቀብሩ በኋላ ሰውዬው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ቃሬዛውን ከያዙትም አንዱ እሳቸው ነበሩ። በደጃፉ ጥግ ተቀምጠው ሳሉ ቀርቤ በሶማሊኛ «ከባድ ነበር?» አልኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ሐዘን አእምሮዋን ነካው ይል ነበር። እሳቸው አሰብ አድርገው፣ «አይ ልጄ፤ ቀላል ነበር» አሉኝ። ደምሴ ግዙፍ ሰው ነበር።

ይህን ያነበባችሁ፣ ለደምሴ ነፍስ ይማር በሉልኝ። ለአዴር ጃማም በየአፋችሁ፣ የሚሰግድ በሶላቱ፣ የሚሳለም በጸሎቱ፣ ምሕረት ለምኑላቸው። ለውሻ የሚባል ጸሎት መኖሩን ግን እስካሁን የነገረኝ የለም፤ የሚያውቅ ካለ፣ ለሻሽም ይበልልኝ።