ንፋሱ ያልበጠሰው ሽቦ

አሁን ጣሪያችን ላይ ዲሽ አለ። ክረምት ላይ ከማሻ በኩል ያ ጥቁር ደመና ሲመጣ ንፋሱ ያዞረዋል፤ ቴሌቪዥኑም ይቆራረጥና ዝም ይላል። ልጄ "እማዬ፣ ዝናቡ ሲያባራ አስተካክለዋለሁ፣ ምን ያስቸኩላል?" ትለኛለች። እኔ ግን አሁኑኑ እላለሁ። መሰላሉ ላይ ስትወጣ ደግሞ መብረቁን አይና "ውረጂ!" ብዬ እጮኻለሁ። "ኧረ አንዱን ምረጪ!" ብላ ትስቅብኛለች። ብታውቅ አትስቅም ነበር።

በደርግ ጊዜ እኛ ሰፈር እንኳን ዲሽ ቴሌቪዥንም አልነበረም። የነበረው ባለቤቴ ከቴፒ ያመጣው ሬዲዮ ነው። ሚዛንን ተራራና ጫካ ስለከበባት ሬዲዮው ያለ ሽቦ ያንኮራፋል እንጂ አይናገርም። ባለቤቴ የመዳብ ሽቦ ከሬዲዮው ጀምሮ በመስኮት አወጣና ጓሮ ካለው ዋንዛ ላይ ሰቀለው። እሱ የቡና መኪና ሹፌር ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ሽቦውን መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ቅርንጫፍ ይወድቅበታል፣ በቀርቀሃ እየገፋሁ እመልሰዋለሁ።

"ሲያጉረመርም ሽቦውን ከሬዲዮው ነቅለሽ ወደ ውጭ ወርውሪ" ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ረሳሁ። ከሽቦው ጫፍ እሳት ዘሎ ልጄ የተኛችበትን ብርድ ልብስ ለበለበው። እሷን አልነካትም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር መጀመሪያ የምሮጠው ወደ ሽቦው ነው።

ጎረቤቴ የቤንች ሰው ናት፤ አፏን የፈታችው በቤንችኛ ነው። የበኩር ልጇን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት፣ ሰሜን ከዘመተ ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤ የለም። እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ወታደሮች ለቤተሰቦቻቸው የሚልኩት ሰላምታ በሬዲዮ ይነበብ ነበር። ስሙ ከተጠራ በሕይወት አለ ማለት ነው። የእሷ አማርኛ ለገበያ ይበቃል እንጂ የሬዲዮውን ጥድፊያ አይከተልም። እኔም በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ግን መስማት እሰማለሁ። "ጆሮዬ አንቺ ነሽ" ትለኝ ነበር። እሁድ እሁድ ቅቅል ጎደሬ በቅጠል ጠቅልላ ትመጣና በሩ አጠገብ ትቀመጣለች።

አንድ እሁድ ዝናቡ ከነነጎድጓዱ ቀደማት። ሽቦውን ነቅዬ በመስኮት ወረወርኩት። እሷ የኮባ ቅጠል ተከናንባ፣ እግሯ በጭቃ ተለውሶ ደረሰች።

"ክፈቺው እንጂ፣ ሰዓቱ ደረሰ!"

"ሽቦው ተበጠሰ፣ እህቴ። ንፋሱ ነው።"

አልተበጠሰም። ነቀልኩት ብላት መልሺው ትለኛለች፤ ልጄ ደግሞ አልጋው ላይ ናት። እሷም ዝም ያለውን ሬዲዮ እያየች ተቀመጠች። ነጎድጓዱ ወደ ሸኮ ሲርቅ ሰዓቱ ገና አላለቀም ነበር። ብድግ ብዬ ሽቦውን ብመልሰው ይደርስ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ከዋሸሁ በኋላማ እንዴት አድርጌ?

በማግስቱ ከገበያ እየሮጠች መጣች። "አለ! ልጄ አለ!" እልልታዋ ሰፈሩን ሞላው። ከጎረቤት ከተማ ከአማን የመጣች አንዲት ሴት ትናንት በሬዲዮ ስሙን ሰምታለች።

"ምን አለ?" አልኳት።

"'ለእናቴ' ሲል ሰማሁ አለች። ከዚያ ነጎድጓዱ ዋጠው።" እጄን ያዘችኝ። "ግድ የለም። ቀርቀሃ ላምጣ፣ ሽቦውን እንቀጥለው። የቀረውን በሚቀጥለው እሁድ ይነግረናል።"

ቀርቀሃዋን ልታመጣ ስትሄድ ጓሮ ወጣሁ። ሽቦው ደህና ነው፤ ምን ልንቀጥል ነው? ማጭድ አነሳሁና በራሴ እጅ ቆረጥኩት።

ተመልሳ መጣችና ሁለቱን ጫፎች አንስታ አየች። ብዙ አየች።

"ይሄ ንፋስ ማጭድ ይዞ ነው እንዴ የሚዞረው?"

መልስ አልጠበቀችም፤ ሽቦውን በጥርሷ እያጠበቀች ቋጠረችውና በቀርቀሃው ገፍታ ዋንዛው ላይ ሰቀለችው።

ከዚያ በኋላ አንድም እሁድ አላጓደልኩም። ሰማይ ቢሰነጠቅም ልጄን ሌላ ቤት አስተኝቼ ሬዲዮውን እከፍታለሁ። ስሙ ግን ተመልሶ አልተጠራም። አንድ ቀን "ልጆቹ ለእናቶቻቸው ምን ምን ይላሉ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"'እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ፤ ቡናው ሲለቀም እመጣለሁ' ይላሉ" አልኳት። ቡናውን ከራሴ ነው የጨመርኩት። ደስ ይበላት ብዬ ነው።

"እስቲ ድገሚልኝ" አለችኝ። ደገምኩላት።

ደርግ ሲወድቅ ወታደሮቹ በእግራቸው፣ ልብሳቸው አልቆ ተመለሱ። የእሷ ልጅ አልተመለሰም፤ መርዶውን አብሮት የነበረ ጓደኛው አመጣው። ለቅሶው ላይ ድንኳኑ እስኪሞላ ጠበቀችና "የመጨረሻ ቃሉን እንኳ ሰምቻለሁ" አለች። "በሬዲዮ ነው። 'እማዬ፣ አታስቢ፣ ቡናው ሲለቀም እመጣለሁ' ብሎኛል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እሷ ናት የሰማችልኝ። አይደለም እንዴ?"

ያን ቀን የሽቦውን ጫፍ ባየችበት ዓይን ነው ያየችኝ። ድንኳኑ ሁሉ እኔን ይጠብቃል።

"አዎ" አልኩ። "እንደሱ ነው ያለው።"