እንዳይታሰር ያዘዝኩት ውሻ

አሰላ በሚገኝ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ስሠራ ከውሻ ጋር የነበረኝ ጉዳይ መርዝ ማዘጋጀት ብቻ ነበር። እብድ ውሻ በዛ ሲባል ቀበሌው በድምፅ ማጉያ «ውሻችሁን እሰሩ» ብሎ ያስለፍፋል፤ እኔ ሥጋ ቆራርጬ መርዝ እለውሳለሁ፤ ጠዋት ሳይታሰር ያደረው ሁሉ በየመንገዱ ተጋድሞ ይገኛል። ላምና በሬ ለማዳን የተማርኩ ሰው ነኝ። በደርግ ጊዜ ደግሞ የበላይ ትእዛዝ ሲመጣ «አልፈልግም» አይባልም። እውነቱን ለመናገር እኔም ብዬ አላውቅም።

ስለዚህ አንድ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዘበኛ ውሻቸውን በገመድ እየጎተቱ መጥተው «አክምልኝ» ሲሉኝ ሳቄ መጣ። ውሻው ገና በሩ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። የእኛ ጥበቃ «አብዷል» ብሎ ዱላ አነሳ። ሽማግሌው ውሻው ላይ ተደፉበት።

«ልጄ ጦር ሜዳ ሲሄድ በአደራ የሰጠኝ ነው። ሲመለስ ምን እለዋለሁ?» አሉ።

እንዲህ ሲወድቅ ሲነሳ ሁለት ወር እንዳለፈው ነገሩኝ። ያበደ ውሻ ሁለት ወር አይከርምም፤ ጥበቃውን ዱላህን አስቀምጥ አልኩት። ውሻውን ግቢው ውስጥ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። በሦስተኛው ዙር ምላሱ ጠቆረ፤ ተንገዳግዶ ወደቀ። ሆዱ ውሃ ቋጥሯል። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ ሳሳርፍ የልቡ ሁለተኛ ምት በር ሲዘጋ እንደሚሰማው ጎላ ብሎ ተሰማኝ። የሳንባው ደም ሥሮች ግፊት ከፍ ብሎ ልቡ ደሙን መግፋት አቅቶታል። ለውሻ የሚሆን ራጅ የለ፣ መድኃኒት የለ። ከአንዲት ነርስ ለሰው የሚታዘዝ ውሃ የሚያሸና ክኒን ለምኜ ሰጠኋቸው።

«አባባ፣ የደጋው አየር ስስ ነው፤ ያባብስበታል። ቆላ ዘመድ አለዎት?»

«ሴት ልጄ ዴራ አለች።»

«እዚያ ይዘውት ይሂዱ። እንዳያስሮጡት። በገመድም እንዳያስሩት፤ ታስሮ ሲታገል ነው የሚወድቀው።»

ከወር በኋላ ክኒን ሊወስዱ ከዴራ መጡ። ሆዱ ጎድሏል፣ ከገበያ ስመለስ በር ድረስ ወጥቶ ይቀበለኛል አሉኝ። ደስ አለኝ። በዚያ መሥሪያ ቤት ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ስለሆነ ይህኛውን አልረሳውም።

ከዚያ ዴራ ውስጥ እብድ ውሻ ሰው ነከሰ ተባለ። እንደ ልማዴ ሥጋውን ቆራረጥኩ፣ መርዙን ለወስኩ፣ ሳጥኑ ላይ «ዴራ» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ውሻው ትዝ ብሎኝ ጨክኜ ነው ብል ይሻለኝ ነበር። ትዝም አላለኝ። ደክሞኝ ነበር፤ የምሳ ሰዓትም ደርሶ ነበር።

በሳምንቱ ሽማግሌው የተረፉትን ክኒኖች በወረቀት ጠቅልለው መጡ። «ለሌላ ይሆናል» ብለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ሳይነግሩኝ ገባኝ።

«እሰሩ ሲባል አልሰሙም?» አልኳቸው። ጥፋቱን ወደ እሳቸው ማዞሬ ነበር፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«ሰምቻለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ አሰረ። ልጄም ገመድ አምጥታ ነበር፤ ሐኪሙ ከልክሏል ብዬ አስጣልኳት።»

ሥጋውን ማን እንዳዘጋጀው አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም። ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ጦር ሜዳ ላለው ልጃቸው ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ነበር የፈለጉት። ወረቀት አወጣሁ።

«ሐኪሙ የቻለውን ሁሉ አድርጎለታል በልልኝ» አሉ።

ጻፍኩ።