ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሚመጣው ድሮን

የወንድሜ ሚስት ኦዚት ጥላዋን እንኳ የምታምን ሴት አይደለችም። ሲመሽ የግቢዋን በር ስትዘጋ መቀርቀሪያው ላይ ቀጭን ክር ታስራለች። ጠዋት ክሩ ተበጥሶ ካገኘችው ቀኑን ሙሉ ፊቷ አይፈታም። የበጠሰው ድመት ይሁን ንፋስ፣ ለሷ ሌባ ነው። ቄሱ ለፋሲካ ኬክ ቢልኩላት እንኳ መጀመሪያ የምታስቀምሰው እኔን ነው።

ሉዊዚያና ውስጥ በኛ በኩል ሰው የሚኖረው በሩዝና በክሮውፊሽ ነው። ክሮውፊሽ የምንላት ኩሬ ውስጥ የምናረባት ቀይ ባለ መቆንጠጫ ፍጥረት ናት። ወንድሜ በሞተ በዓመቱ ከኦዚት ኩሬ አርባ ወጥመድ ተሰረቀ። ሌባው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እሷ ግን ከኩሬው ግድብ ማዶ ያለው ጎረቤታችን ሚስተር አልሲድ ነው ብላ ፈረደች፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ቀና ብላ አታየውም። ሃይማኖቷ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነው። እልኸኝነቷ ያናድደኛል፤ ብቻዋን መኖሯ ደግሞ የባሰ ያስፈራኛል።

ባለፈው የካቲት ድሮን መምጣት ጀመረ። ኦዚት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጥቁር ቡናዋን ይዛ ከኋላ በረንዳዋ ስትቀመጥ፣ እንደ ንብ እያጉረመረመ ይመጣና ከራሷ በላይ ቆም ብሎ ይመለሳል። በየቀኑ። በአምስተኛው ቀን የወንድሜን ጠመንጃ ከግድግዳ አወረደች። እኔም ሮጬ ፖሊሱን ዱዌይንን ጠራሁት።

«ሚስ ኦዚት፣ ያን ነገር ያስቀምጡት» አላት ገና ከመኪናው ሳይወርድ። «ድሮን መምታት አውሮፕላን እንደ መምታት ነው የሚቆጠረው። ሰላዩን ትተው እርስዎን ነው የሚያስሩት።»

«እንግዲያው አንተ ጣልልኝ!»

«እኔ ሥልጠናውን ወስጃለሁ፤ የግዛታችን አዲስ ሕግም ይፈቅድልኛል። ግን ያለ ፈቃድዎ ሲሰልልዎ በዓይኔ ማየት አለብኝ። በላይዎ አልፎ መሄድ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ሲሰልል ካየሁት አወርደዋለሁ፤ ባለቤቱንም አስራለሁ።»

ኦዚት ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «እናትህ ከአልሲድ እናት ጋር አልነበር የምትጸልየው?»

«እዚህ አገር እናቴ ከማን እናት ጋር ያልጸለየችው አለ?»

በማግስቱ ዱዌይን ወጥ ቤት መጋረጃ ጀርባ ተደብቆ ጠበቀ። ድሮኑ በሰዓቱ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ።

«አሥር ሰከንድ» አለ ዱዌይን። «ይህን ይዤ ዳኛ ፊት ብቀርብ መሳቂያ ነው የምሆነው።»

«እንዲቆይልህ ነው የምትፈልገው?» አለች ኦዚት። «የሚያበረው ወንድ ነው። ወንድን ምን እንደሚያቆመው አውቃለሁ።»

የቆርቆሮ መታጠቢያ ገንዳዋን ከመጋዘን አውጪልኝ ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ።

«ኦዚት፣ ሰባ አራት ዓመትሽ ነው!»

«ከሰማይ ላይ ዕድሜ አይታይም።»

በሦስተኛው ቀን ገንዳውን ሣሩ ላይ አኖርንላት። ጠብታ ውሃ የለውም፤ እሷም የእሁድ ቀሚሷን እንደለበሰች ነው የገባችው። ትከሻዋን ገልጣ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ሳቋ እንዳይታይባት ፊቷን በፎጣ ሸፈነች። አንድ እጇ ከገንዳው ውጪ ተንጠልጥሏል። እኔና ዱዌይን መጋረጃው ጀርባ ነን።

ድሮኑ መጣ። አሥር ሰከንድ ሆነው፤ አልሄደም። ዝቅ አለ። ዞራት። እንደገና ዝቅ አለ።

«ባለጌ!» የሚል ድምፅ ከፎጣው ሥር ሰማሁ።

«ደቂቃ አለፈው» አለ ዱዌይን። ወጥቶ፣ የድሮን ሞገድ የሚያቋርጠውን ጠመንጃ መሳይ መሣሪያውን አነጣጠረ። ድሮኑ እንደ ሰከረ ተንገዳግዶ ኩሬው ውስጥ ወደቀ።

«ያዝነው!» ብላ ኦዚት ብድግ አለች። ሦስታችንም አንድ ሰው ወደ ዋናው መንገድ ሲሸሽ እናያለን ብለን አፈጠጥን።

የሸሸ ሰው የለም። በግድቡ ላይ ወደኛ የሚሮጥ ሰው ግን ነበር። ሚስተር አልሲድ ነው፤ በሰባ ስምንት ዓመቱ፣ በአንድ እግሩ ቦቲ በሌላው ካልሲ ብቻ አድርጎ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ። «ገንዳ ውስጥ ናት! አትንቀሳቀስም እኮ! ምስሉም ጠፋብኝ፤ አምቡላንሱን ቶሎ በሉት!» እያለ ይጮሃል።

ቀና ሲል ኦዚት የእሁድ ቀሚሷን ለብሳ ገንዳው ውስጥ ቆማለች። ስልኩ ከእጁ ወደቀ። ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ቤርታ እንዴት እንደሞተች ታውቂያለሽ» አላት ትንፋሹ ሲመለስ። ቤርታ ሚስቱ ናት፤ እሱ ሩዝ አጨዳ ሄዶ ሳለ ጓሮ ውስጥ ወድቃ ሁለት ቀን ማንም አላያትም። «ቡናሽን ይዘሽ ከተቀመጥሽ እመለሳለሁ። ሌላ ምንም አላይም።»

«በር ማንኳኳት አታውቅም?»

«ዘጠኝ ዓመት የዘጋሽብኝን በር?»

ዱዌይን ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። ፊቱ ቀልቷል። «ሚስ ኦዚት፣ መጠየቅ ግዴታዬ ነው። ይህን ያደረገው ያለ ፈቃድዎ ነው? አዎ ካሉኝ ይዤው ነው የምሄደው።»

ይህችን ሴት አውቃታለሁ፤ ይህን ቀን ስትጠብቅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ወጥመዶቼን ወስደሃል?» አለችው።

«አልወሰድኩም።»

«አላምንህም።» ካልሲ ብቻ ያጠለቀውን እግሩን ብዙ አየችው። እሾህ ወግቶት ይደማል። ከዚያ ወደ ዱዌይን ዞረች። «ጻፍ። ፈቅጄለት ነበር። ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ከአምስት። አንድ ከስድስት ላይ ካየሁት ታወርደዋለህ።»

ዱዌይን ቀና ሳይል ጻፈ። «ድሮኑ ግን ኩሬ ውስጥ ነው» አለ።

«እንግዲያው በእግሩ ይምጣ።»

ማታ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ክሯን ስታስር አየኋትና ተስፋ ቆረጥኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ግን ሁለት ስኒ ቡና በረንዳው ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች፤ ክሩንም በገዛ እጇ በጠሰችው።