ፀሐይ ላይ የበሰለ ሳንቃ

አናጢውን ሰፈሩ ሁሉ «አይቸኩሌ» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት፤ ዛሬም ወርክሾፑ በር ላይ ቆማ ትነዘንዘዋለች።

«አይቸኩሌ! የልጄ አማቾች ወር ሳይሞላ ይመጣሉ። ጠረጴዛው ቡናማ፣ ያንተ ሳንቃ ሮዝ! ካልተመሳሰለ እሸጠውና ሻጩን ዋጋ የጠየቅኩትን የመስታወት ጠረጴዛ እገዛለሁ፤ ብያለሁ።»

«ካውያ ረስቶ ያቃጠለው ማን ሆነና ነው?»

«እሱን ተወው!»

ጠረጴዛው አባታቸው ከማሆጋኒ እንጨት የሠሩት ነው። የተቃጠለውን የዳር ሳንቃ አናጢው አውጥቶ በአዲስ ማሆጋኒ ሊተካው ነው። እንዲሸጥ ግን ፈጽሞ አይፈልግም።

«ቀለም ቀባውና ገላግለኝ» አለችው።

«እትዬ፣ ማሆጋኒ ሲሰነጠቅ ሮዝ ነው፤ ብርሃን ባገኘ ቁጥር ራሱ እየጠቆረ ይሄዳል። ዛሬ ቀብቼ ባመሳስለው ከሥር መጥቆሩን አይተውም። ኋላ ከአባባ ሳንቃዎች በልጦ ከሰል ይመስልሻል።»

እሷ እያጉረመረመች ስትሄድ እሱ መላጊያውን መሳል ያዘ። የማሆጋኒ አስቸጋሪነቱም ውበቱም ያለው እዚህ ላይ ነው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ጭረት በአንድ አቅጣጫ አይተኛም፤ አንዱ ረድፍ ወደዚህ ሲያዘነብል ጎረቤቱ ወደዚያ ያዘነብላል። በደነዘዘ ስለት የገፋው ሰው እንጨቱን ይቦጭቀዋል። በደንብ የተሳለ መላጊያ ግን ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቅፋቂ ያወጣል፤ ያን ጊዜ ያ የተዘበራረቀ ጭረት ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ሐር ጥብጣብ ያብለጨልጫል! ደግሞ በወጉ ከደረቀ በቀላሉ አይጣመምም። ጀልባና ጊታር ሠሪዎች የሚሻሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

የላገውን ሳንቃ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አወጣው። ጠዋት ያሰጣል፣ ቀትር ላይ ያገላብጣል፣ ሲመሽ ያስገባል። ጎረቤቶች «በርበሬ ነው እንዴ?» እያሉ ሲስቁበት «ገና አልበሰለም» ይላቸዋል። ሮዙ ቀላ፤ ቀዩ ወደ ቡናማ አደላ። ከአባቱ ሥራ ጎን አስተያይቶ ልቡ ሲሞላ በኮላ አጣበቀው፤ ጠረጴዛውንም ሙሉውን በቫርኒሽ አሸው።

እህቱ አዲስ የጠረጴዛ ልብስ ታቅፋ መጣች። ጎንበስ ብላ አየች። መዳፏን ከዳር እስከ ዳር አንሸራተተች።

«የቱ ነው አዲሱ?»

«ያቃጠልሽው ቦታ።»

«እሱማ የት ነበር?»

ሳቀ። እሷም ልብሱን ልትዘረጋ ስትል እጇን ያዛት። «ለእንግዶችሽ አልብሺው፤ ከዚያ ግን አንሺው። ግማሹን ሸፍነሽ ብትተዪው የተሸፈነው ገርጥቶ ይቀራል።»

ልብሱን መልሳ አጣጠፈችና ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። «ለእንግዶቹም ራቁቱን ይታይ። ይልቅ ለመስታወት ሻጩ ደውልልኝ።»

«ምን ልበለው?»

«ጠረጴዛ አላት በለው።»